የታላቋ ካርድ

«እናት፣ የትኛው ነው የልጅቷ?»

የጠየቀኝ የስፖርት ክለቡ መዝጋቢ ነው። እሱ ከመስታወቱ ወዲያ፣ እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ነን። በእጄ ሁለት የክሊኒክ ካርዶች ይዣለሁ፤ አንዱ የትልቋ ልጄ፣ አንዱ የትንሿ። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፤ የሁለቱም ጠርዝ ተበልቷል። የልጅ ስም የለባቸውም። ልጆቹ ስም ሳይወጣላቸው የተጻፉ ስለሆኑ ሁለቱም ላይ ያለው የእኔ የእናትየዋ ስም ነው። ቤት ውስጥ የትልቋን በሰማያዊ ፌስታል፣ የትንሿን በነጭ ፌስታል ጠቅልዬ ነበር የማስቀምጠው። ያን ሰሞን ቤት ስንቀይር ትልቋ ዕቃ አስተካክላለሁ ብላ ሁለቱንም አንድ ፌስታል ውስጥ ከተተቻቸው። የእኔ ንባብ ፌስታሉ ነበር፤ እሱ ሲጠፋ ዓይኔም አብሮ ጠፋ።

ከኋላዬ ሰልፍ አለ። አንዷ እናት ፊቷን በወረቀት እያራገበች «ቶሎ በይ እንጂ እህቴ!» ትለኛለች። «ማንበብ አልችልም፤ አንተው እይልኝ» ማለት ነበረብኝ። አራት ቃል ናት። ያቺን አራት ቃል ከማውጣት ሞት መረጥኩና አንዱን ካርድ በመስኮቱ ቀዳዳ ገፋሁለት።

«ይሄኛው» አልኩ።

ስሟን ከአፌ፣ የተወለደችበትን ቀን ከካርዱ ገለበጠ። «አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከታዳጊዎቹ ጋር አትሆንም፤ ዋናው ቡድን ትግባ» አለኝ። ደስ አለኝ። ዋና ከሆነ ጥሩ ነው ብዬ ነው።

እኔ ዓመት የምቆጥር ሰው አልነበርኩም። ልጅ ትወለዳለች፣ ትድሃለች፣ ትሮጣለች፤ ወረቀት አሥራ ሰባት ካለ እኔ ከወረቀት በምን እበልጣለሁ? ልጄም «አሥራ ሰባት ነኝ ለካ!» ብላ ዘለለች። በዚያ ዕድሜ ትልቅ መባል ደስ ይላል። ትልቋ ደግሞ በሦስት ዓመት እንደምትበልጣት ታውቃለችና «እንግዲያው እኔ ሃያ ነኝ» ብላ ከዚያ ወዲያ ዕድሜዋን በእህቷ ላይ እየደመረች ኖረች።

ትንሿ ልጄ ያን ቀን አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ይህን ያወቅሁት ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

እኔ የዚያው ክለብ ልብስ አጣቢ ነኝ። የማጠቢያው ክፍል ከቅርጫት ኳስ አዳራሹ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ኳስ ግድግዳውን ሲመታው የሳሙና ጣሳዎቼ መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ትንሿ ልጄ ኳስ የለመደችው እኔን ስትጠብቅ በኮሪደሩ ላይ እያነጠረች ነው። ማሊያ አጥቦ ለባለቤቱ የሚመልስ ሰው ቁጥር ይለምዳልና ፊደል ሳላውቅ ቁጥር አውቅ ነበር። የእሷ ዘጠኝ ናት።

ተጫዋችነቷን ሌላው ሰው ከወንበር ላይ ሆኖ አየው፤ እኔ ከባልዲ ውስጥ አየሁት። በመጀመሪያው ዓመት ዘጠኝ ቁጥር ማሊያ ከሌሎቹ ሁሉ የቆሸሸ ነበር፤ ደረቱ ላይ አቧራ፣ አንገትጌው ላይ ደም። ልጅ ወልደው የመጡ፣ ትከሻቸው በር የሚያህል ሴቶች ነበሩ የሚጫወቱባት።

«እማ፣ ክርናቸው ጦር ነው!» ብላ አለቀሰችብኝ አንድ ቀን።

«አንቺስ ክርን የለሽም?» አልኳት።

እንባዋን በእርጥብ ማሊያ ጠርጋ ተመለሰች። በሁለተኛው ዓመት ደሙ የሌሎች ቡድኖች ማሊያ ላይ መታየት ጀመረ። ደጋፊዎቹ ቁመቷን አይተው «መሰላል» አሏት። ክለቡ አራት አሰልጣኝ ቀየረ፣ ሁለት ዋንጫ በላ። እሷም ግራ ጉልበቷን ተቀደደች፣ ተሰፋች፣ ተመለሰች፣ አምበል ሆነች። ማሊያው ዘጠኝ ጊዜ ተቀየረ፤ ውስጡ ያለችው ግን ያቺው ነበረች።

ዓምና አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሲናገር ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው። በመጣ በስምንተኛው ወር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ለጠፈ፤ ዕድሜዋ ከሠላሳ አምስት በላይ የሆነች ተጫዋች ውሏ አይታደስም ይላል። ቡድኑ ውስጥ በወረቀት ሠላሳ ስድስት የሞላት አንዲት ብቻ ነበረች።

ልጄ ወረቀቱን አነበበችና ወደ እኔ ክፍል ገባች። የልብስ ክምሩ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን እያሸች «እማ፣ ጉልበቴ ሳይነግረኝ ወረቀት ነገረኝ» አለች። እኔ ያን ሳምንት እህል አልወረደልኝም። ያለ ኳስ ምን ትሆናለች? ሌላ የምታውቀው የላትም። ኳሱ ላይ ያሳደግኳት እኔ፤ የማወርዳት የት ነው?

በዚያው ዓመት እኔም ትምህርት ጀምሬ ነበር። ከሥራ በኋላ በሰፈራችን ትምህርት ቤት፣ የሕፃናት አግዳሚ ላይ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ እንማራለን። መምህርታችን በዕድሜ ልጄ የምትሆን ናት። አንድ ቀን «ከቤታችሁ ጽሑፍ ያለበት ነገር አምጡና እናነባለን» አለችን። አንዷ የመድኃኒት ካርቶን አመጣች። አንዷ ከባሏ ኪስ ያገኘችውን ደብዳቤ አመጣች፤ ሁለት መስመር አንብባ አጠፈችው፣ በማግስቱም አልመጣች። እኔ ሁለቱን ቢጫ ካርዶች ይዤ ሄድኩ።

ጣቴን ከመስመሩ ሥር አድርጌ ጀመርኩ። ስሜን አገኘሁት። ቀጥሎ «ስንተኛ ልጅ» ይላል፤ ከፊት ለፊቱ «ሁለተኛ» ተጽፏል። የትንሿ ነው ማለት ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ የተወለደችበትን ዓመት አየሁ።

«መምህርት፣ ይህን ከዘንድሮ ላይ ቀንሺልኝ» አልኳት።

«እርስዎ ይቀንሱት እንጂ» አለችኝ እየሳቀች።

ቀነስኩት። ሠላሳ ሦስት መጣ። እንደገና ቀነስኩት፤ ሠላሳ ሦስት። ሌላውን ካርድ፣ «መጀመሪያ» የሚለውን፣ ቀነስኩት፤ ሠላሳ ስድስት። ያ መስኮት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። «ይሄኛው» ያልኩበት ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። መምህርቷ «ምነው፣ አመመዎት?» ስትለኝ ካርዶቹን ሰብስቤ ወጣሁ።

ትልቋ ልጄ ልብስ ሰፊ ናት። በማግስቱ እሷ ቤት ሄድኩ፤ ትንሿም ጉልበቷ ላይ በረዶ አስራ እዚያው ጥግ ተቀምጣለች። ካርዶቹን የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። መስኮቱን፣ ፌስታሉን፣ ያላወጣኋትን አራት ቃል።

ትልቋ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ «እኔ ሠላሳ ስድስት ነኝ? ሠላሳ ዘጠኝ አይደለሁም?» አለች።

«አይደለሽም።»

«እልልል! ሦስት ዓመት ተመለሰልኝ! ያ ባሌ ‹አርባ ልትገቢ ነው› እያለ አላስቀምጥ ብሎኝ! ዛሬ ይመጣል እሱ!»

ትንሿ አልሳቀችም። በረዶው ቀልጦ በእግሯ ላይ ይንጠባጠባል።

«አሥራ አራት ዓመቴ ነበር?» አለች ቀስ ብላ። «ያቺ በር የምታህል ተከላካይ ከግድግዳው ጋር ስታላትመኝ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር?»

«ይቅር በይኝ ልጄ።»

«ቆይ እማ። ይቅርታው ይቆየኝ። መጀመሪያ ልናደድ።»

ተናደደች። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ በሩ ሲዘጋ መርፌዎቹ ከጠረጴዛው ላይ ተበተኑ። ትልቋ እየለቀመች «ትመለሳለች፤ ቁጣዋ እንደ ላስቲክ ኳስ ነው፣ ነጥሮ ነጥሮ ይቆማል» አለችኝ። እኔ ግን እስኪቆም መጠበቅ አልቻልኩም። ያበላሸሁት እኔ፣ የማስተካክለውም እኔ ብዬ በማግስቱ ማንንም ሳላማክር ካርዱን ይዤ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ያም ሁለተኛው ስሕተቴ ነው።

ሰውየው ካርዱን በሁለት ጣቱ አነሳና ወደ መብራቱ ያዘው።

«እማማ፣ እኔ ዕድሜውን ያልቀነሰ ተጫዋች እስከ ዛሬ አላየሁም። እናቷን ልካ ያስቀነሰች ግን የመጀመሪያዋ የእርስዎ ልጅ ናት።»

«እሷ አልላከችኝም ጌታዬ። ስሕተቱ የእኔ ነው። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር።»

«ታዲያ ይህ የእሷ ለመሆኑ ማስረጃው ምንድነው? ስሟ የታለ?»

«የእኔ ስም አለ። ይኸው፣ ላንብብልዎት።» ጣቴን ከስሜ ሥር አደረግኩና አነበብኩለት። «‹ሁለተኛ› ይላል። ሁለት ብቻ ነው የወለድኩት።»

«ማንበብዎ ደስ ይላል» አለ ሰዓቱን እያየ። «ግን ይህን ለፌዴሬሽኑ ብልከው ሐሰተኛ ማስረጃ ነው የሚሉት። የተጫወተችባቸው ዓመታት ሁሉ ይመረመራሉ። ዋንጫዎቹም ጭምር። ለማን ይበጃል? ይልቅ በክብር ትሰናበት። አበባ እናዘጋጃለን፣ ስሟን በመዳብ ላይ እናስቀርጻለን።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ከቢሮው ስወጣ ሁለቱንም ቆጠርኩ፤ ወረቀቱ መዝገቡ ነው፣ ሞኟ እኔ። ሌላው ሰው ሁሉ ዕድሜ ሲቀንስ ኖሮ የእኛ እውነት በደረሰች ጊዜ ውሸት መሰለች።

ገና የመጀመሪያውን ባልዲ ሳልሞላ ልጄ የማጠቢያውን በር በእግሯ ገፍታ ገባች።

«እማ፣ ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

«ሰውየው በረንዳ ላይ ቆሞ ለቡድኑ ሁሉ እያወራ ነው። ‹መሰላሏ ሦስት ደረጃ ልትወርድ ፈለገች› ይላል። ልጆቹ ይስቃሉ!»

«እናስተካክለው። ክሊኒኩ መዝገብ አለው፤ ሄጄ ደጃፋቸው ላይ እተኛለሁ እንጂ...»

«የትም አትተኚም!» ኳሷን የሳሙናው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። «አላስተካክልም። ሠላሳ ስድስት ብለው ጽፈዋል? ሠላሳ ስድስት ነኝ። በሠላሳ ሦስት ብገባ ‹ልጅ አይደለች እንዴ፣ ምን ይገርማል› ይላሉ። በሠላሳ ስድስቴ ነው የማሳፍራቸው።»

«ልጄ፣ እሺ ባይሉሽስ?»

«እሺ እስኪሉ እቆማለሁ። ካርዱን ነጩ ፌስታል ውስጥ መልሺው። አሁን ጉልበቴን እሰሪልኝ፤ ዛሬ የሩጫው ፈተና ነው።»

ፋሻውን አነሳሁ። የሷን ጉልበት ከተሰፋ ጀምሮ የማስረው እኔ ነኝ፤ የሐኪሙ እጅ ይላላል ትላለች። ያን ቀን ላልቶብኝ ሁለት ጊዜ ፈታሁት። በሦስተኛው እጄን ያዘችኝ።

«እማ፣ አጥብቂው እንጂ። ማሊያ ስትጨምቂ እንዲህ ነሽ?»

ያን ጊዜ ይቅር እንዳለችኝ ገባኝ። አጠበቅሁት።

የሩጫው ፈተና በየዓመቱ ከውድድሩ በፊት የሚደረግ ነው። ተጫዋቾቹ አዳራሹ አንድ ጫፍ ላይ ባለው መስመር ይሰለፋሉ። ድምፅ ማጉያው «ጢት» ሲል ይሮጣሉ፤ ሁለተኛው «ጢት» ሳይመጣ ማዶ ያለውን መስመር መርገጥ አለባቸው። ድምፁ እየቆየ ይፈጥናል። ሁለት ጊዜ የዘገየች ትወጣለች። በአሰልጣኙ ዝርዝር ላይ አሥራ ሦስት ስም ነበር፤ የልጄ የለበትም። እሷ ሄዳ አሥራ አራተኛ ሆና መስመሩ ላይ ቆመች።

ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ብድግ አለ። «አምበል፣ ዝርዝሩን አላየሽም እንዴ?»

«አይቻለሁ። ዝርዝሩ አይሮጥም፤ እኔ እሮጣለሁ።»

አሰልጣኙ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። ፊሽካውን ከአፉ አወጣና «መስመሬ ላይ የቆመን ሰው አላባርርም» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ዙሪያውን አየ። ዘበኛው በር ላይ አለ፣ ጽዳቶቹ መጥረጊያቸውን ተደግፈዋል፣ እኔም እርጥብ ማሊያ ይዤ ከማጠቢያው በር ላይ ቆሜያለሁ። ይህን ሁሉ ሰው ሲያይ ሳቅ አለ።

«መልካም። ከመጨረሻዎቹ አምስት አንዷ ከሆንሽ ያን ማስታወቂያ ራሴ እቀደዋለሁ። ካልሆንሽ አበባሽን ትቀበያለሽ።»

«አበባው ውሃ ውስጥ ይቆይ» አለችው።

«ጢት» አለ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም እየተሳሳቁ ነበር። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ የጫማ ጩኸትና ትንፋሽ ብቻ ቀረ። አንዷ ጎኗን ይዛ ወጣች። ቀጥሎ ሁለት አንድ ላይ ወጡ። ልጄ አልፈጠነችም፤ ሁልጊዜ ድምፁ ሊል ሲል መስመሩን ትረግጣለች። እኔ በእሷ ፋንታ አየር እስብ ነበር። ዞር ባለች ቁጥር ግራ እግሯ ላይ ስታርፍ ፋሻው ይለቅ ይሆን እያልኩ ማሊያውን ስጨምቀው ውሃው ጫማዬ ውስጥ ገባ።

ሰባት ሲቀሩ ፊቷ አመድ መሰለ። አንድ ጊዜ ዘገየች። አሰልጣኙ እጁን አነሳ፤ አንድ ማለቱ ነው። ሥራ አስኪያጁ እግሩን አነባበረ።

«አይዞሽ!» ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አንቺስ ክርን የለሽም?» ብዬ ጮህኩ።

ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። ልጄ ጥርሷ ታየ። ከዚያ ወዲያ አልዘገየችም። ሰባተኛዋ ወለሉ ላይ ተዘረረች።

ስድስት ቀሩ። ከእነዚህ አንዷ ሃያ ሁለት ዓመት የሆናት፣ «ጥይቷ» የሚሏት ልጅ ናት፤ የልጄን ቦታ ትወስዳለች የተባለችውም እሷ ናት። እሷ ገና አላላባትም ነበር። ወደ መስመሩ ስትደርስ ልጄን አየት አደረገችና እርምጃዋን ቀነሰች። አንድ ጊዜ ዘገየች። ሆን ብላ እንደሆነ እኔ እንኳ ገባኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ በልቤ «ተባረኪ፣ ቁሚ» አልኳት። ልጄ ግን እየሮጠች አንባረቀችባት።

«አንቺ! ለእኔ ብለሽ ብትቆሚ ዓይንሽን አላይም!»

«እትዬ፣ ደክሞኝ እኮ ነው!»

«ውሸታም! ላብሽ የታለ? ሩጪ አልኩሽ! ልጥልሽ ከሆነ በእግሬ ልጣልሽ!»

ጥይቷ ሳቋ መጣ። እየሳቀች ተፈተለከች።

ከዚያ በኋላ ያለው ስድስት ዙር ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። በአምስተኛው ዙር ላይ አራት ቁጥር የለበሰችው፣ ጥሩ ኳስ ወርዋሪ፣ የመጀመሪያ ጊዜ ዘገየች። በስድስተኛው ላይ ድምፁ «ጢት» ሲል ልጄ መስመሩ ላይ ነበረች፤ አራት ቁጥሯ ደግሞ ሁለት እርምጃ ቀርቷት ነበር። ቆመችና ጉልበቷን ይዛ አጎነበሰች።

አሰልጣኙ «በቃ!» አለ።

ልጄ አልቆመችም። ማዶ ደርሳ መጣች፤ አንድ ዙር ትርፍ። ከዚያ ከአሰልጣኙ ፊት ቆመች፤ መናገር አልቻለችም፣ በጣቷ ዝርዝሩን አሳየችው። እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አውርዶ ጻፈ። እኔም ማሊያውን እንደያዝኩ በወለሉ መሐል አቋርጬ ሄጄ ጣቴን ከመስመሩ ሥር አድርጌ አነበብኩት፤ አሥራ አራተኛ፣ ስሟ፣ ቁጥር ዘጠኝ፣ ዕድሜ ሠላሳ ስድስት።

«በሦስት ዓመት ስሕተት ነው» አልኩት አሰልጣኙን።

«እማ!» አለች ልጄ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ። «ተዪው።»

ተውኩት።

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ነበር፤ ሲጠራ ግን አልሰማሁም። ማስታወቂያውን የቀደደው እሱ አይደለም፤ ዘበኛው ነው፣ ሰዎች ሁሉ እያዩት።

ያን ቀን መስመሩ ላይ የቀሩት አምስት ናቸው፤ አንዷ ልጄ ናት። የወጡት ዘጠኝ ናቸው። በጓሮ በር የወጣውን ሥራ አስኪያጁን ከጨመርን አሥር።